በአያቴ ማሳ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር (ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ አጠገብ)

ስደተኛው_ገበሬ | ጥቅምት 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የቤተሰብ ጭቅጭቅ ይዤ መጣሁ።

የእናቴ አባት ደቅ ላይ ገበሬ ነበር። ጣና መሀል ያለችው ትልቋ ደሴት ማለቴ ነው። ማሳው በምዕራብ በኩል ነው፤ ከናርጋ ሥላሴ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። እኔ ባሕር ዳር አደግሁ፣ አሁን የምኖረው ጀርመን ነው። ደቅን የማውቃት እናቴ ለጥር ሥላሴ ስትወስደኝ ብቻ ነው። አያቴ ካረፈ በኋላ ማሳውን የሚያርሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ዳጉሳና በቆሎ ይዘራል። ጓሮው ማንጎና ጌሾ ነው።

ማሳው መሀል ሰው የሚያህል የድንጋይ ክምር አለ። ልጅ ሆኜ ላዩ ላይ ወጥቼ ደጋ እስጢፋኖስን የማይ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለና «ላነሳው ነው» አለኝ። ደነገጥሁ። አትንካው አልሁት። ናርጋን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ ከዚያ ዘመን የተረፈ ግንብ ቢሆንስ? እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንድምዓለም፣ ድንጋይ ላይ ዳጉሳ አይበቅልም።»

በቴሌግራም ፎቶ ልኮልኛል፣ ከታች ለጥፌዋለሁ። ድንጋዮቹ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። እኔ ኖራ ነው ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ሐሳብ አለኝ። ከክምሩ አጠገብ ሦስት አራት ክፍል ያላት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ መሥራት። ጥንታዊ ነገር ግቢህ ውስጥ ሲኖር እንግዳ ይመጣል። ምን ትላላችሁ?

ባሕር_ዳሬዋ | ጥቅምት 9

የአክስትህን ልጅ ወደድሁት። 😂

ኖራና_ድንጋይ | ጥቅምት 9

የቅርስ ጥገና ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ፎቶህን አስፍቼ አየሁት።

መጀመሪያ ስለ ናርጋ። ምንትዋብ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር በነገሠችበት ዘመን ነው ያሠራችው፤ ኢያሱ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በድንጋይ ቅጥር የተከበበ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል። እሷም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላለች። ናርጋ ቀድሞ ለብቻዋ ትንሽ ደሴት ነበረች፤ አሁን ከደቅ ጋር ተያይዛለች። ስለዚህ አካባቢው ላይ የድሮ ነገር ቢገኝ አይገርመኝም። እዚህ ድረስ ካንተ ጋር ነኝ።

ኖራው ላይ ግን እንለያያለን። የጎንደር ዘመን ሕንፃዎች በኖራ ነው የታሰሩት፣ ልክ ነህ። ነገር ግን ኖራ የሚገኘው በድንጋይና በድንጋይ መሀል ነው፣ እንደ ሙጫ። ያንተ ነጭ ነገር ከላይ ወደ ታች ፈሷል። ቅር አይበልህና የወፍ ኩስ ይመስለኛል። ጣና ላይ ያለ የውኃ ወፍ ከፍ ያለ ድንጋይ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ይበልበት። ኖራ ከሆነ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል። የደሴቱ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ እሱ ምንም አይልም። ሁለተኛ፣ የክምሩን ሥር እዩት። ግንብ ከነበረ ከታች መስመር ይዞ የተደረደረ ድንጋይ ይኖራል። ዝም ብሎ የተጣለ ከሆነ መስመር የለውም። አትቆፍሩ ግን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም መንገር ነው።

ጀልባ_ነጂ | ጥቅምት 10

ማረፊያ ቤት ከማለትህ በፊት እንግዳህ በምን እንደሚመጣ አስበሃል? ከባሕር ዳር ናርጋ በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በጠዋት ካልወጣህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ማዕበሉ ባሕር ያላየ ፈረንጅን ቀርቶ እኔንም ያስጸልየኛል። በሳምንት አንድ ቀን የሚሄደው ትልቁ ጀልባ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እያዳረሰ ጎርጎራ ይደርሳል። እሱ ላይ ደግሞ ከፍየልና ከጌሾ ጆንያ ጋር ነው የምትጓዘው። ለእኔ ከዚያ የሚሻል ጉዞ የለም፤ ባለ ጎማ ሻንጣ ለሚጎትት እንግዳ ግን አልመክርም።

ውኃውም አይታመንም። በ1995 ሰኔ ላይ ጣና በጣም ጎድሎ መጓጓዣው ሁሉ ተስተጓጉሎ ነበር። ጥልቅ እንዳይመስልህ፣ ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ 15 ሜትር አይሞላም። የሠራኸው ወደብ በበጋ ጭቃ ላይ ይቀራል።

የዘጌ_ቡና | ጥቅምት 10

እኛ ዘንድ ብትሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። 😄 ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይላሉ አባቶች። «በእነዚህ ኑሩ፣ አትረሱ» ተባለ። እስካሁን ደኑ ያለው በዚያ ቃል ነው። ማሳ ስለሌለ ማሳ ላይ ክምር የለም፣ ጭቅጭቅም የለም።

ባሕር_ዳሬዋ | ጥቅምት 10

ዘጌዎች ጭቅጭቅ የለንም ካላችሁ እኔም መላእክት ነኝ። የቡና ወሰን ክርክር የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚታየው?

የዘጌ_ቡና | ጥቅምት 10

እሱ ሌላ ነው። 🙈

የደልጊ_ሰው | ጥቅምት 11

እኔ ትንሽ ጠንከር ልበል። «የአያቴ ማሳ» ትላለህ። አያትህ አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር። ከየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ያለው የመጠቀም መብት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? በሚያርሰው ሰው ስም ከሆነ ክምሩም የእሱ፣ ዳጉሳውም የእሱ ነው። አንተ ከጀርመን ሆነህ «አትንካው» ትላለህ። እሱ በየዓመቱ በሬውን እያዞረ ክምሩን ይዞረዋል። በዚያ ክምር ስንት ትልም እንደሚባክን ቆጥረህ ታውቃለህ?

ማረፊያ ቤቱንም ቢሆን መጀመሪያ እሱን ጠይቀው። ብትችል ደግሞ በስልክ አይሁን።

ስደተኛው_ገበሬ | ጥቅምት 11

ይቆጠቁጣል ግን እውነት ነው። ደብተሩ በእሱና በሚስቱ ስም ነው። እኔ መቀማት አልፈለግሁም። የጠፋብኝ ነገር እንዳይጠፋ ነው የፈለግሁት። አያቴ ያንን ክምር ተደግፎ ነበር ምሳ የሚበላው።

ቆሎ_ተማሪ_የነበረ | ጥቅምት 12

በልጅነቴ ደቅ ላይ የኔታ ዘንድ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልተርክ፣ ረዘም ካለ ይቅርታ።

ሰው ወደ ጣና ሲመጣ ገዳም ሊያይ ነው የሚመጣው። ደጋ እስጢፋኖስን ያያል። እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ሆና ከደቅ ፊት ለፊት የቆመችው ናት፣ በዛፍ የተሸፈነችው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኅሩተ አምላክ የመሠረቷት ናት ይባላል። የነገሥታቱ አጽም እዚያ ነው፤ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲለደስ። በመስተዋት ሣጥን ተቀምጠው ታያቸዋለህ። የዘርዓ ያዕቆብ ዘመኑ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕልም እዚያው ነው። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ከየደብሩ የሸሸ ንዋየ ቅድሳት ወደ እነዚህ ደሴቶች ነው የገባው። ውኃው አጥር ነበር።

ይህን ሁሉ አስጎብኚው ይነግርሃል። መነኮሳቱ ምን እንደሚበሉ ግን አይነግርህም። ኮረብታ ላይ፣ ደን ውስጥ፣ እህል ከየት ይመጣል? እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ዳጉሳው ሲወቃ ገበሬው መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን ይሰፍራል። ታንኳ ላይ ይጫናል። ታንኳው ደንገል ነው፤ ከርሞ ስለሚበሰብስ ሌላ ይታሰራል። እኛ ተማሪዎችም በየቤቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን የለመንነው የዚያኑ ገበሬ ቁራሽ ነው። አንድ ክረምት በቆሎው በጉማሬ አለቀ። ያን ዓመት እኛም ጾማችን ረዘመ።

እና የድንጋይ ክምሩን ስትጠይቅ አብረህ አክስትህን ጠይቅ። ፎቶ ከምታሰፋ የሚያውቅ ሰው አለ።

የሲያትሏ | ጥቅምት 12

ደስ የሚል ትረካ። ግን ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ክብራን ገብርኤልም እንደዚያው። ባለፈው ባሌና ወንዶቹ ልጆቼ ወጡ፣ እኔ ጀልባ ላይ ከነጂው ጋር ብርቱካን ስልጥ ቆየሁ። ሥርዓት ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን ያቺን ናርጋን ያሠራችው ሴት መሆኗን ሳስብ ፈገግ አልኩ። ናርጋ ደግሞ እኛም እንገባለን። ስለዚህ ማረፊያ ከሠራህ እኔን ቁጠረኝ። መጸዳጃው ግን ንጹሕ ይሁን፣ እለምንሃለሁ።

ዝዋይ_ዳር | ጥቅምት 13

እኛም ደሴት አለን። ቱሉ ጉዶ። ደብረ ጽዮን ማርያም እዚያ ነች። በዮዲት ዘመን ከአክሱም ታቦተ ጽዮንና መጻሕፍት ይዘው የሸሹ እዚያ ደረሱ ይላሉ አባቶች። የዛይ ሰው ኮረብታውን በድንጋይ እርከን ከፋፍሎ አርሶታል። እርከኑ ራሱ ከብዙ ቤተ ክርስቲያን ይበልጥ ያረጀ ሳይሆን አይቀርም፣ ማንም ፎቶ አያነሳውም እንጂ። ድንጋይ ሁሉ ከግንብ አይመጣም ለማለት ነው።

አወያይ | ጥቅምት 13

በዚህ ክር ውስጥ ታቦቱ የት ነው የሚል ክርክር የጀመሩ አራት መልእክቶች ተነስተዋል። ጣና ቂርቆስ 800 ዓመት ቆየ የሚለው ትውፊት የራሱ ክር አለው። እባካችሁ ወደዚያ።

ስደተኛው_ገበሬ | ጥር 16

እንደምን ከረማችሁ። ሄጄ መጣሁ። የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ለጥር 7 ደረስሁ። ከመሄዴ በፊት ስለ መንገዱ ደጋግሜ ደወልሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ትልቁን ጀልባ ነው የያዝሁት፣ ጀልባ_ነጂ እንዳለው ከጆንያ ጋር። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣናነሽ ሁለት ነበር፤ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ወራት ፈጅታ ስለመጣችው። አንድ ሽማግሌ «መርከብ ተራራ ሲወጣ አየን፣ አሁን ምን ይቀረናል» አሉ።

ናርጋን ገና ከውኃው ላይ ሳየው ዓይኔ ሞላ። ለበዓሉ የመጣው ሰው ቅጥሩን ሞልቶት ነበር። ደወል ድንጋዩ ሲመታ ልጅ ሆንሁ። ስለ ሥዕሉ አልጽፍም፤ ኖራና_ድንጋይ ጽፎታል፣ ከዚያ በላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።

አሁን ወደ ክምሩ። በነጋታው ከአክስቴ ልጅ ጋር ሎሚ ይዘን ሄድን። ጠብ አደረግሁበት። ምንም። ሌላ ድንጋይ ላይ ጠብ አደረግሁ። ምንም። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ያየኛል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ትልቅ ወፍ መጥታ ክምሩ ጫፍ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላለመጻፍ ይፈቀድልኝ። ነጩ ነገር ምን እንደሆነ በዓይናችን አየን። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከልጅነታችን ወዲህ አብረን ስቀን አናውቅም ነበር።

ማታ አክስቴን ጠየቅኋት። ዕድሜዋ ሰማንያ ሊሆን ነው። «የትኛው ክምር? የአባቴ ክምር?» አለች። ታሪኩ ይህ ነው። መሬት ሲከፋፈል አያቴ የደረሰው ያ ቁራጭ ነው። ድንጋይ ብቻ ነበር፣ ሌላው ሰው አልፈልግም ያለው። እሱና እሷ፣ እናቴም ትንሽ ልጅ ሆና፣ በየዓመቱ ከእርሻ በፊት ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። እናቴ ትንንሹን በቀሚሷ ይዛ ነበር የምታመጣው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲፈርስ ከዚያ ክምር ነው የተጠገነው፤ ሰው በሰልፍ ሆኖ እየተቀባበለ። «ግማሹ እዚያ ነው ያለው» አለች። ሄጄ አየሁት። የትኛው የድሮ፣ የትኛው የአያቴ እንደሆነ መለየት አልቻልሁም።

እኔ የምንትዋብ ዘመን ስል የእናቴ ቀሚስ ሆኖ ተገኘ።

ማረፊያ ቤቱን ለአክስቴ ልጅ አማከርሁት። በደንብ አዳመጠኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «እንግዳው ምን ይበላል?» እንጀራ፣ አሳ አልሁት። «እሱን የሚያርሰው ማነው?» አለኝ። ከማሳው ላይ ለማረፊያው ክፍሎች ቦታ ሲወጣ ምን እንደሚቀረው በእግሩ እየለካ አሳየኝ። ብዙ አይቀረውም። ነገሩን ለጊዜው ትተነዋል። የሲያትሏን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስትመጪ አክስቴ ቤት ታርፊያለሽ። ስለ መጸዳጃው ግን ቃል አልገባም።

ክምሩን አነሳነው። ሥሩን አየን፣ ምንም መስመር የለውም፤ ፎቶውን ለኖራና_ድንጋይ ልኬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ለምን ሊያነሳው እንደፈለገ ያኔ ነው የገባኝ። ለማረሻ ብቻ አልነበረም። ውኃው ሲሸሽ ዳር ላይ የሚዘራት በቆሎ አለች፣ ጉማሬ እየወጣ ይጨርስበታል። በሌሊት ሚስቱና እሱ እየተፈራረቁ ቆርቆሮ ይመታሉ። ድንጋዩን ለካብ ነው የፈለገው። ሦስት ቀን ተሸከምሁ። እጄ ተልጦ ቢሮ ውስጥ ኪቦርድ መንካት አቅቶኝ ሰነበትሁ።

አንድ ድንጋይ ብቻ ለይቶ አስቀመጠልኝ። ሲመታው እንደ ደወል ይጮሃል። «ይህቺን አትገንባት፣ የኔታ ይፈልጓታል» አለ። ወሰድንላቸው። መትተው አዳመጡና «ትንሽ በአፍንጫዋ ታዜማለች» ብለው ተቀበሉ።

ቆሎ_ተማሪ_የነበረ | ጥር 16

በአፍንጫዋ ታዜማለች! የኔታ ናቸው ራሳቸው። እኔንም ዜማ ሲያስጠኑኝ እንዲሁ ነበር የሚሉኝ። በሕይወት መኖራቸውን በመስማቴ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ኖራና_ድንጋይ | ጥር 17

ፎቶው ደርሶኛል። አዎ፣ የማሳ ድንጋይ ነው፣ ግንብ አልነበረም። የአክስትህን ቃል ግን በድምፅ ቅዳው። ስማቸውን፣ ዓመቱን፣ የትኛው የቅጥር ክፍል እንደተጠገነ። እኛ ለጥገና ስንሄድ ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው ስንት ጊዜ የምንሳሳተው።

የደልጊ_ሰው | ጥር 17

ባለፈው ጠንክሬብህ ነበር፤ ሄደህ በመሸከምህ አከበርሁህ። በእኛ በኩል ከ2004 ወዲህ እምቦጩን በእጅ ነው ስንነቅል የከረምነው። ጀርባ የሚያውቀው ነገር ይለያል።

ባሕር_ዳሬዋ | የካቲት 20

ኧረ አንድ ነገር ጠፋ! ካቡ ሠራ ወይ? ጉማሬው መጣ?

ስደተኛው_ገበሬ | የካቲት 21

ትናንት ደውዬለት ነበር። ጉማሬው አንድ ሌሊት መጥቶ ካቡን አይቶ ተመልሷል። በቆሎዋን ግን የጎረቤት ላም በበሩ ገብታ በላቻት። በር መሥራት ረስተን ነበር።